በመኪና ሙዚቃ ላይ ስለሚጨመረው ካፓሲተር

በነቀምቴ መናኸሪያ የቆመ መንገደኛ ሚኒባሱን ከማየቱ አስቀድሞ ሙዚቃውን ይሰማል፤ ሲመሽም ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ደከም ሲል ይመለከታል። ለዚህ መድኃኒቱ በአምፕሊፋየሩ አጠገብ የሚታሰረው፣ ጣሳ የሚያህለው ካፓሲተር ነው የሚል አስተያየት ከሹፌሮች ይሰማል። ካፓሲተሩ በገንዘብ የሚገዛ ነውና አስተያየቱን በቁጥር ልንመረምረው ወደድን።

ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም። ባለ 1 ፋራዱ ካፓሲተር ቮልቱ ከ14 ወደ 12 እስኪወርድ ድረስ የሚሰጠው 26 ጁል ብቻ ነው። 500 ዋት የሚስብ አምፕሊፋየር ይህን በሴኮንድ ሃያኛ እጅ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ የከበሮው አንድ ምት እንኳ ከዚህ ሊረዝም ይችላል። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአንጻሩ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ጁል ገደማ ይይዛል። ባዶ የቀረውን ካፓሲተር መልሶ የሚሞላውም ያው ዲናሞ ስለ ሆነ፣ ዲናሞው ካነሰ ካፓሲተሩ ጉድለቱን ለቅጽበት ይሸፍነው እንደ ሆነ እንጂ አያስወግደውም።

ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል ብለን እናምናለን። መብራቱ ሲደክም ጥፋቱ ከዲናሞው፣ ከባትሪው ወይም ከማሰሪያቸው ነው። መብራቱ ደኅና ሆኖ ድምፁ ብቻ ሲሰነጠቅ ግን ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን ሽቦ መጠርጠር ይገባል። 5 ሜትር ርዝመትና 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 40 አምፔር ሲያልፍበት 0.86 ቮልት ያህል በመንገድ ያስቀራል፤ በባለ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢተካ ኪሳራው ወደ 0.2 ይወርዳል። ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውም ሽቦ ቀለሙ ሳይፋቅ ከታሰረ ሌላ ኪሳራ ነው። ቮልት ያጣ አምፕሊፋየር የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ የዓሊ ቢራ ድምፅ ሻክሮ ሲወጣ እንግዲህ ዘፋኙን መውቀስ አይገባም።

ካፓሲተር ከቶ አይጠቅምም ማለታችን ግን አይደለም። በአምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ያሉት ከሌሉ ማሽኑ አይሠራም። ከትንሿ ስፒከር ጋር የሚታሰረውም ወፍራሙን ድምፅ አግዶ ስፒከሯን ከመቃጠል ያድናታል። ከትልቁስ የወደድነው በአንዳንዶቹ አናት ላይ ቮልቱን የሚያሳየውን ቁጥር ነው፤ ገዢው ሳያስበው መለኪያ ገዝቷል። ባኮ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ ምሳ የሚበላ ሹፌር ሞተሪኖውን የሚያዞርለት ባትሪው ብቻ ነው። ቁጥሩ ከ12 በታች ወርዶ ከቆየ፣ ረዳቱ መንገደኞቹን መኪና ለማስገፋት ማስወረዱ አይቀርም።