ስለ «ዋይንስበርግ ኦሃዮ» ጋዜጦች የጻፉትና ደራሲው ያስታወሰው

አንድ ደራሲ መጽሐፉ ታትሞ ከወጣ በኋላ ጋዜጦች ስለ እርሱ የጻፉትን እየቆረጠ ማስቀመጡና ለወዳጅ ለዘመድ ማሳየቱ በየአገሩ የተለመደ ነው። በዚህ የምንነቅፈው ነገር የለም፤ ልጁ የተመሰገነለትን አባት ዝም በል ማለት ከተፈጥሮ ጋራ መጣላት ነውና። እኛን የሚያሳስበን የትኛውን ቁራጭ አሳይቶ የትኛውን እንደሚያስቀር ነው። ለዚህም አሜሪካዊው ሸርውድ አንደርሰን በ1919 ዓ.ም. ያሳተመው «ዋይንስበርግ ኦሃዮ» የተባለው መጽሐፍ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ ከ20 የሚበልጡ አጫጭር ታሪኮችን የያዘ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሊነበብ ይችላል፤ አንዳንዶቹም አስቀድመው በልዩ ልዩ መጽሔቶች ወጥተዋል። ነገር ግን ከተማይቱ አንዲት ናት፤ ሰዎቿም ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ጆርጅ ዊላርድ የተባለው ወጣትም በብዙዎቹ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ቆይቶ በመጨረሻው ባቡር ተሳፍሮ አገሩን ይለቃል። ልብ ወለድ ነው ወይስ የታሪኮች ስብስብ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላቆመም። እኛ ልብ ወለድ ነው ከሚሉት ወገን ነን፤ የልጁን ማደግ የምናየው ታሪኮቹን በተራ ስናነብ ብቻ ነውና።

የዊላርድ ሥራ ምንድን ነው ቢሉ የጋዜጣ ወሬ አቀባይነት ነው። የከተማው ሰዎች ግን በጋዜጣ ሊወጣ የማይችለውን የልባቸውን ምስጢር ያዋዩታል። የቀድሞው መምህር ዊንግ ቢድልባውም በፔንሲልቫኒያ ሳለ ያላደረገውን አደረግህ ተብሎ በሌሊት ተባርሮ የመጣ ነው፤ እጆቹን ከሰው ዓይን ሲሸሽግ ይኖራል፤ በከተማው የሚታወቀውም እንጆሪ በመልቀም ፍጥነቱ ነው። መምህራን የሆኑ አንባቢዎቻችን ይህን ታሪክ ሳይጨነቁ የሚጨርሱት አይመስለንም። ኬት ስዊፍት የተባለች መምህርት ደግሞ ዊላርድን፥ ቃላት ከመደርደር ይልቅ የሰውን አሳብ እንዲመረምር ትመክረዋለች።

አንደርሰን ከሞተ በኋላ በ1942 ዓ.ም. በታተመው የሕይወት ማስታወሻው፥ መጽሐፉ እንደ ርኩስ ነገር ተቆጥሮ እንደ ነበረ አማሯል። ይህም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ «ዘ ሰን» የተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ በሒሱ ርእስ ላይ መጽሐፉን ከቆሻሻ መውረጃ ቦይ ጋራ አመሳስሎት ነበር። ነገር ግን የዘመኑን ጋዜጦች አገላብጠው የመረመሩ ሊቃውንት አብዛኛው ሐያሲ እንዳመሰገነው አግኝተዋል። ብዙ ደራሲ ይፈራው የነበረው ሜንከን አሞግሶታል፤ በኋላ በግጥም የታወቀው ሃርት ክሬንም ገና ወጣት ሳለ ምስጋና ጽፎለታል።

ታዲያ ደራሲው ዋሸ እንበልን? አንልም። ከመቶ ምስጋና አንዲት ስድብ በልብ ውስጥ ረዥም ዕድሜ አላት። ሆኖም በሺካጎ የማስታወቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀ እንጀራውን ይበላ የነበረ ሰው፥ ተነቅፌ ነበር ማለትም ገዢ እንደሚስብ ሳያውቅ ቀረ ማለት ያስቸግረናል።

ከእርሱ በፊት የነበረው ባለ ቅኔ ዋልት ዊትማን ዓይን አውጣ ነበር። በ1855 ዓ.ም. ስለ ገዛ መጽሐፉ ስሙን ሸሽጎ ሒስ ጻፈ፤ ኤመርሰን በግል የላከለትንም ደብዳቤ ሳያስፈቅድ በጋዜጣ አወጣ። ነገር ግን በ1856 ዓ.ም. ሁለተኛውን እትም ሲያሳትም ከምስጋናው ጋራ ነቀፌታውንም በመጨረሻው አካቶ አተመ። እንግዲህ ነውረኛው ዊትማን በዚህ በኩል ከጨዋው አንደርሰን ይልቅ አንባቢውን አምኗል።

በተያያዙ ታሪኮች ለሚጽፍ ደራሲ ሌላም ችግር አለ። የጋዜጣ ሐያሲ ቦታው ጠባብ ስለ ሆነ አንድ ሁለት ታሪክ መዝዞ ይፈርዳል። ቢድልባውምን ብቻ የመዘዘ ሰው መጽሐፉ የነውር ወሬ ነው ሊል ይችላል፤ ኬት ስዊፍትን የመዘዘ የፍቅር ታሪክ ይለዋል። ደራሲው ያያያዘውን ጋዜጣው ይፈታዋል፤ ቁራጮቹ በተሰበሰቡ ቁጥር መጽሐፉ ይበልጥ ይበታተናል።

የመጀመሪያው እትም በፊቱ የዋይንስበርግ ካርታ ነበረው። የጋዜጣው መሥሪያ ቤት፥ ሆቴሉ፥ ሱቆቹና የባቡር ጣቢያው በአንድ ገጽ ላይ አብረው ይታያሉ።