ሰማያዊዋ የክትባት ሳጥን

የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ለክትባት ስትወጣ ትከሻዋ ላይ የምታንጠለጥላትን ሰማያዊ ሳጥን ባየሁ ቁጥር አድናቆቴ ይጨምራል። ይበልጥ የማደንቀው ግን ሳጥኗ ከመዘጋቷ በፊት ያለውን ጥንቃቄ ነው።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ስለዚህ ነርሷ አይስ ፓኩን ከፍሪዘር እንዳወጣች አትጨምረውም። ጠረጴዛ ላይ ታቆየውና ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ትነቀንቀዋለች፤ የቀለጠው ውሃ ውስጡ ሲንቦጫረቅ ከሰማች በኋላ ትደረድረዋለች። ከተቻኮለች እንደ ፔንታቫለንት ያለው ክትባት በረዶ ይሠራና ይበላሻል። ከዚያ መንገዱ ይቀጥላል፤ መኪና የማይገባበት ቀበሌ፣ ወንዙ፣ ዳገቱ።

የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። አንዱ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ10 ልጆች የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይወገዳል። ዛፍ ጥላ ሥር አንዲት እናት ብቻ ልጇን አዝላ መጥታ «ሲስተር፣ ከሩቅ ነው የመጣሁት» ስትላት፣ ነርሷ የቀረው ሊባክን እንደሚችል እያወቀች ብልቃጡን ትከፍታለች። ደግ አደረገች! ያቺ እናት «ሌላ ቀን ነይ» ብትባል ያን መንገድ ዳግመኛ ላትጀምረው ትችላለች፤ ኩፍኝ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ነርሷ ይህን ሁሉ የምትሠራው ብዙ ጊዜ የውሎ አበሏ ዘግይቶባት፣ ሞተር ሳይክሉ በነዳጅ እጦት ቆሞ ነው። አበሉም ነዳጁም ከመውጣቷ በፊት ሊደርሳት ይገባል።