ከመርገጥ በፊት

ለረጅም ጊዜ ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል ሲመጣላቸው ለመርገጥ እግራቸውን የማያነሱ አንድ መካኒክ አውቃለሁ። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ እየገፋ ወደ ጋራዣቸው የሚመጣው ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ረግጦ፣ ረግጦ፣ አልነሳ ሲለው ነው። እሳቸው መጀመሪያ የቤንዚን መያዣውን የሳልቫትዮውን ክዳን ከፍተው ያሸታሉ። ቀጥለው የካንዴላውን ገመድ ይነቅላሉ፣ ካንዴላውን ይፈታሉ፣ ጫፉን ወደ ብርሃን ያዞራሉ። መርገጫው ገና አልተነካም፤ ጥያቄው ግን በግማሽ ጠቧል።

ይህን ሥራ ከጎናቸው ቆሜ ያየሁት በአንድ የሲጂ 125 ዓይነት ሞተር ላይ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በሞተር ሳይክሎች ላይ ገደብ ስትጥል ብዙዎቹ ጓሮ ገብተው፣ ሸራ ለብሰው ቀሩ። ይሄኛውም ከእነዚያ አንዱ ነበር። ወጣቱ ባለቤት «ጋሼ፣ ካርቡሬተሩን በአዲስ ይቀይሩልኝና ልገላገል» አላቸው። «ቆይ እስቲ ልጄ፣ መጀመሪያ ምን እንደነካው እንየው» ብለው መሣሪያቸውን ጨርቅ ላይ መደርደር ጀመሩ። ያልተበላሸውን አለመንካት፣ የተበላሸውንም ሳይጎዱ ማዳን ምን ያህል ከፍ ያለ ጥበብ እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ባየሁት ነው።

ስለ ሞተሩ ራሱ ጥቂት ልበል፤ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚገባው ዕቃ ነውና። ሆንዳ ሲጂ 125ን እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ሲያቀርብ ያሰበው መንገዱ አቧራ፣ ጭነቱ ከባድ፣ ጋራዡ ሩቅ ለሆነባቸው አገሮች ነበር። በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥ፣ ማናውስ ላይ የከፈተው ፋብሪካም ሥራውን የጀመረው በዚሁ ሞዴል ነው። መሐንዲሶቹ ቫልቮላዎቹን የሚያንቀሳቅሰውን ካም ከሲሊንደሩ አናት አውርደው ከታች፣ ከክራንኩ አጠገብ አስቀመጡት። ቫልቮላዎቹን የሚከፍቱት ከዚያ ወደ ላይ የሚገፉ ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። ካሙን የሚያዞረው ከክራንኩ ጋር ጥርስ ለጥርስ የተያያዘ ማርሽ ስለሆነ፣ የሚላላና በየጊዜው የሚወጠር ሰንሰለት የለበትም። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ካሙ ላይ ያለችው ጉብታ ናት። አንዲት ብቻ ናት። ያቺው አንዷ ተራ በተራ ማስገቢያውንም ማስወጫውንም ትከፍታለች። ሁለት ይሠራበት በነበረው ቦታ አንድ እንደሚበቃ አይቶ፣ አስልቶ፣ ሠርቶ ማሳየት ምን ያህል ንጹሕ ሐሳብ ነው! የቻይና ፋብሪካዎች ይህን ሞተር እየቀዱ በብዙ ስም ሲያወጡት የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ካንዴላው ልመለስ። ጫፉ ደረቅ ነበር። ልጁ ያን ያህል ረግጦ ካንዴላው ካልረጠበ፣ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም ማለት ነው። ረጥቦ ቢገኝ ኖሮ ነዳጁ ደርሷልና ጥፋቱ በብልጭታው ወይም በእመቃው በኩል ይፈለግ ነበር። ካንዴላው ይህን የሚናገረው ሳይታጠብና ሳይቀየር ላየው ሰው ብቻ ነው። ሞተር እምቢ ባለ ቁጥር መጀመሪያ አዲስ ካንዴላ ለመግዛት መሮጥ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

ደረቅ መሆኑን አይተው ወደ ካርቡሬተሩ ቢሮጡ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። አልሮጡም። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት አንጠባጠቡ፣ ጊዜ ሰጡት፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብተው የኋላ ጎማውን በእጃቸው ቀስ እያደረጉ አዞሩ። ሞተሩ ቫልቮላው ክፍት ሆኖ ቆሞ ከነበረ የክረምቱ እርጥበት በዚያ ገብቶ የሲሊንደሩን ግድግዳ አዝጎት ሊሆን ይችላል። የፒስቶኑ ፋሻዎች ደርቀው በዝገት ላይ በኃይል ቢገፉ ደግሞ ይጫጫራሉ። በእጅ ሲዞር ግን የሚያግደው ነገር ካለ መዳፍ ላይ ይታወቃል፤ መቆምም ይቻላል። እግር ይህን አያውቅም።

የፒስቶኑ መንገድ ለስላሳ መሆኑን ሲያረጋግጡ አውራ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ ደፍነው መርገጫውን ገፉት። አየሩ ጣታቸውን ፈንቅሎ ወጣ፤ እመቃ አለ። ካንዴላውን ከገመዱ አገናኝተው፣ ከቀዳዳው ራቅ አድርገው ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነኩት፤ ሰማያዊ፣ ደረቅ ድምፅ ያለው ብልጭታ ታየ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ በዚህ ዓይነቱ ሞተር ግን ብልጭታው ከማግኔቱ ስለሚመነጭ የባትሪው መሞት አይከለክለውም። የቫልቮላዎቹንም ክፍተት ለኩ። ሆንዳ ለዚህ ሞተር የሰጠው ልክ ሲቀዘቅዝ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩ ላይ ነበር፤ ክዳኑን መልሰው ዘጉት።

የቀረው ካርቡሬተሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ብቆይ አንባቢ አይፍረድብኝ።

ቤንዚን ሲከርም ይለወጣል። ቶሎ የሚተነው፣ ቀዝቃዛ ሞተር የሚያስነሳው ቀላሉ ክፍል አስቀድሞ ይሄዳል። የሚቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ናስ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ይሆናል። መካኒኩ ሳልቫትዮውን ያሸተቱት ለዚህ ነበር፤ ደኅና ቤንዚን አፍንጫ ይነክሳል፣ የከረመው አሮጌ ቀለም ይሸታል። አዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. ማየት እንደጀመረችው ዓይነት ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ይዘቅጥና ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ይበላዋል።

ጎድጓዳውን የያዙት ባለ መስቀል ብሎኖች በጃፓን ልክ የተቆረጡ ናቸው። ተራው ባለ መስቀል ካቻቢቴ የሚገባ ይመስላል፤ ጫፉ ግን እስከ ታች አይደርስም፤ ሲታገሉት ይንሸራተትና አፋቸውን ይበላዋል። በየጋራዡ አፋቸው የተበላ የካርቡሬተር ብሎኖች የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው። እሳቸው የአንዱን ካቻቢቴ ጫፍ ሞርደው ጥቂት አሳጥረውታል። መስቀሉ ውስጥ እስከ ሥሩ ተቀመጠ፤ በመዳፋቸው ጀርባውን መታ አደረጉት፤ ብሎኑ ያለ ትግል ዞረ። ጓርኒሲዮኑንም በምላጭ ከዳር እስከ ዳር እያላቀቁ ሳይቀደድ አነሡት።

የአየርና የነዳጁን መጠን የምታስተካክለውን ብሎን ከመፍታታቸው በፊት ዙሩን እየቆጠሩ ወደ ውስጥ ጠመዘዟት፣ ነክታ እስክትቆም ብቻ። ጫፏ እንደ ወስፌ የሾለ ስለሆነ ትንሽ ቢጫኗት የምትቀመጥበትን ቀዳዳ ታበላሻለች። «አንድ ዙር ከሦስት ሩብ» አሉና ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ነው የፈቷት።

አሁን ቤንዚን የምትመጥነው ትንሿ ጀት በእጃቸው ናት። ጋዙ ተዘግቶ ሳለ ሞተሩ የሚተነፍሰው በእሷ በኩል ነው፤ ለመነሣትም፣ ቆሞ ለመሥራትም የሚያስፈልገው ቤንዚን በዚያች ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ በማትሞላ ቀዳዳ ያልፋል። ትልቋ ጀት ብትቆሽሽ ሞተሩ ይዳከማል፤ ይህቺ ስትደፈን ብዙ ጊዜ ጭራሹን አይነሣም። ወደ መስኮቱ ሲያዞሯት ብርሃን አላሳለፈችም።

ብዙ እጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀጭን የብረት ሽቦ ከፍሬን ገመድ ላይ ይመዘዛል፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ይገባል፣ ወጣ ገባ ይደረጋል፤ ቆሻሻው ይወጣል፣ ሞተሩም ይነሣል። ይሁንና ጀቷ ናስ ናት፣ ሽቦው ብረት። 0.40 ሚሊ ሜትር የነበረች ቀዳዳ 0.42 ብትሆን ዓይን አያየውም፤ ስፋቷ ግን ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ድብልቁ ድሮም ቤንዚን ይበዛበታል። ያ ሞተር ከዚያ ቀን ወዲያ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ምክንያቱንም የሚያውቅ አይኖርም።

እሳቸው ጀቷን ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ ጥለው ሻይ አዘዙ። ሙጫው በጉልበት ሳይሆን በጊዜ እንዲላቀቅ ነው። ሻዩ ካለቀ በኋላ ከመብራት ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ፀጉር መዘው አወጡ። መዳቧ ለስላሳ ናት፣ ከቀዳዳዋም በእጅጉ የቀጠነች ናት፤ ናሱን ሳትፍቅ አለፈች። ከዚያ አየር ነፉባት፣ ወደ መስኮቱ አዞሯት፣ ለልጁም ሰጡት። ክቧ ብርሃን ጥርት ብላ ትታያለች። የካርቡሬተሩ አካል ውስጥ የተሰወሩትን መተላለፊያዎች ደግሞ አንድ በአንድ ፈተኑ፤ በአንዱ ቀዳዳ እየረጩ በየትኛው እንደሚወጣ ተመለከቱ፣ ያልወጣበትን ደግመው ነፉ። የደረቀች አንዲት የጎማ ቀለበት ቀየሩ። የሾለችዋን ብሎን ግድግዳው ላይ ወደተጻፈው ልክ መለሷት።

ሳልቫትዮው ተጠርጎ አዲስ ቤንዚን ሲገባ «በል ርገጥ» አሉት። ሞተሩ ተነሣ። በማርሚታው የወጣው ሰማያዊ ጭስ በካንዴላው ቀዳዳ የገባው ዘይት ነበርና ቶሎ ጠራ። ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል ብሎኗን ሩብ ዙር እንኳ በማትሞላ አነስተኛ መጠን አዙረው በጆሯቸው አስተካከሉት።

ጥቂት ደቂቃ እንደሠራ ግን እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፤ እጁንም ወደ ካርቡሬተሩ ሰደደ። «ተው፣ እሱ ምንም አላጠፋም» አሉትና የሳልቫትዮውን ክዳን ፈቱ። አየር እስስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ቤንዚን ሲወርድ የሚተካውን አየር የምታስገባ ቀጭን መተንፈሻ ክዳኑ ላይ አለች። በቆመባቸው ዓመታት አቧራ ደፍኗት ኖሯል፤ ነዳጁ እየቀነሰ ሲሄድ ሳልቫትዮው ውስጥ የቀረው አየር አልባ ክፍተት መልሶ ቤንዚኑን ይዞታል። እንዲህ ያለውን ነገር ሳያውቅ የታጠበን ካርቡሬተር እንደገና የሚፈታ ሰው ሙሉ ቀን ያልፍበታል። እሳቸው ያንኑ የመዳብ ፀጉር አንሥተው መተንፈሻዋን ከፈቷት፣ ነፉባት፣ ክዳኑን መልሰው ጠመዘዙት።

ሁለተኛ ሲነሣ አልጠፋም። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ጠብቀው አሮጌውን ዘይት ትኩስ እንዳለ አወረዱት፤ ትኩስ ሲሆን ዝቃጩን ይዞ ይወርዳልና። ልጁ ሊቀይረው የመጣው ካርቡሬተር በቦታው ነው። ከቤንዚኑ ሌላ በአዲስ ዕቃነት የገባው አንዲት የጎማ ቀለበትና አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ብቻ ነበር፤ የከፈለውም የእነዚህን ዋጋና የእጃቸውን ነው።