ያልተለሰነው ግድግዳ

በደቡብ ለንደን፣ ላቬንደር ሂል ላይ የሚገኘው የባተርሲ ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1893 ተከፈተ። ነዳፊው አርክቴክት ኤድዋርድ ሞንትፎርድ ነው። በ1913 ጆን አርቸር የባተርሲ ከንቲባ ሆኖ ሲመረጥ፣ ለንደን የመጀመሪያውን ጥቁር ከንቲባ አገኘች። በ1965 ባተርሲ ከዋንድስወርዝ ጋር ሲቀላቀል ቤቱ ሥራ ፈታ። ከመፍረስ ያስጣሉት ነዋሪዎቹ ናቸው። ከ1974 ጀምሮ የጥበብ ማዕከል ነው።

የማዕከሉ ጥንካሬ ቤቱን እንደ መደበኛ ቴአትር ቤት ለማስመሰል አለመሞከሩ ነው። የቢሮና የስብሰባ ክፍሎቹ ክፍል እንደሆኑ ቀሩ። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ «ስክራች» የሚባለው አሠራር መጣ፤ ገና ያልበሰለ ሥራ ለተመልካች ይቀርባል፣ አስተያየቱ ይሰማል፣ ሥራው እንደገና ይቦካል። በ2007 ፐንችድራንክ የተባለው ቡድን ሕንጻውን በሙሉ መድረክ አደረገው። ተመልካቹ ጭምብል አጥልቆ፣ ከክፍል ክፍል እየዞረ ትርኢቱን በራሱ እግር ፈለገው። ሕንጻውን ያደሱት የሃዎርዝ ቶምፕኪንስ አርክቴክቶችም ይህንኑ የ«ስክራች» ጠባይ ተማሩ፤ አንድ ጊዜ ነድፈው ከመጨረስ ይልቅ በየምዕራፉ እየሞከሩ፣ እያስተካከሉ ለዓመታት ሠሩ።

መጋቢት 13 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) ትልቁ አዳራሽ ተቃጠለ፤ ጣሪያው ወደቀ። በ2018 እንደገና ሲከፈት ግድግዳው ዳግመኛ አልተለሰነም። እሳቱ የላጠው ቀለም ከሥሩ የነበሩትን የቀድሞ ቀለሞች ንብርብር አውጥቷል፤ ጥቀርሻው፣ የተሸራረፈው ልስንም በቦታቸው ናቸው። ኮርኒሱ ግን አዲስ ነው። የድሮውን የልስን ጌጥ ንድፍ የተከተለ የእንጨት ፍርግርግ ሲሆን፣ መብራትና ድምፅ በክፍተቶቹ ያልፋሉ። በእኔ እይታ የሕንጻው ምርጥ ውሳኔ ይኼ ነው፤ የጠፋውን የጠፋ መሆኑን ሳይደብቅ ያስታውሰዋል። የድሮውን ልስን አስመስሎ መመለስ ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን ቃጠሎው እንዳልነበረ በሆነ፣ በዚያ ቀን ቤቱ የደረሰበት ነገር ከቤቱ ታሪክ በተፋቀ ነበር።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ይህ ግድግዳ ብዙ ይናገራል። ባዶ ወለል ላይ ብቻውን የቆመ ተዋናይ፣ በለሆሳስ የሚነገር ቃል፣ ከዚያ ጠባሳ ጋር መፎካከር ይኖርበታል። ለጀማሪና ለቀጭን ሥራ ትናንሾቹ ክፍሎች ይሻላሉ፤ ተመልካቹ የተዋናዩን ትንፋሽ የሚሰማው እዚያ ነው።

ትልቁን አዳራሽ እንደገና የከፈተው ጌኮ የተባለው ቡድን ነበር። ቃጠሎው በተነሳበት ሰሞን እዚያው ሲያሳይ የነበረውን «ሚሲንግ» የተሰኘ ሥራውን ይዞ ተመለሰ።