ከጉድጓዱ አፍ የተጻፈ መጽሐፍ

ስለ ሩሲያ ነዳጅ የሚጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ከክሬምሊን ተነሥተው እዚያው ክሬምሊን ያርፋሉ። ማን ታሰረ፣ የማን ኩባንያ ተወረሰ፣ ለፑቲን የሚቀርበው ማን ነው። አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ ስለ ባለጸጎቹ ሽኩቻ ብዙ ያውቃል፤ ድፍድፉ በሚወጣበት መንደር ያለው ሰው እንዴት እንደሚኖር ግን የነገረው የለም። የየል ዩኒቨርሲቲው አንትሮፖሎጂስት ዳግላስ ሮጀርስ በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «የሩሲያ ጥልቀቶች» ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ልማድ ይወጣል። መነሻው ኡራል ተራሮች ሥር ያለችው ፔርም ናት። ሮጀርስ አገሩን በደንብ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያ መጽሐፉንም የጻፈው እዚያው አውራጃ ስለሚኖሩ የብሉይ ሥርዓት አማኞች ነበር።

ባለታሪኩ የነዳጅ ኩባንያው ሉክኦይል ነው። የስሙ መነሻ የሦስት የምዕራብ ሳይቤሪያ ከተሞች የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው፤ ላንጌፓስ፣ ኡራይ እና ኮጋሊም። ባኩ የተወለደውና የሶቪየት ኅብረት የነዳጅና ጋዝ ምክትል ሚኒስትር የነበረው ቫጊት አሌክፔሮቭ ሦስቱን አምራች ድርጅቶች አጣምሮ ኩባንያውን ያቋቋመው በ1991 ኖቬምበር፣ አገሪቱ ልትፈርስ ሳምንታት ሲቀሯት ነው። የፔርም ጉድጓዶች የተጨመሩለት በ1995 ነው። ፔርም ግን ለነዳጅ አዲስ አልነበረችም፤ በ1929 የፖታሽ ጨው ፍለጋ የሚቆፍሩ ሰዎች ሳያስቡት ድፍድፍ አግኝተውባታል።

የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ስለ 1990ዎቹ የሚተርከው ነው። ሮጀርስ «ፔትሮባርተር» ብሎ የሰየመው ነገር አለ፦ ነዳጅን በገንዘብ ሳይሆን ዕቃ በዕቃ መለወጥ። ሩብል ዋጋ አጥቷል፤ ደመወዝ ለወራት አይከፈልም። የኅብረት እርሻው ኃላፊ እህል አለው፤ ትራክተሩ ግን ናፍጣ አጥቶ ቆሟል። ነዳጅ አምራቹ ደግሞ ናፍጣ ሞልቶታል፤ ለሠራተኞቹ የሚያቀርበው ቀለብ ግን የለውም። ሁለቱ ይለዋወጣሉ፤ በመሐል ደላላ ይገባል፤ ደላላውም ይከብራል። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት ከኖረ አገር ለመጣ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ፣ አሞሌ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል፤ ናፍጣ ግን አንዴ ከተቃጠለ አለቀ። ስለዚህ ገበሬው በቀጣዩ የዘር ወቅት ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ሮጀርስ ቃሉ የለውም እንጂ የሚገልጸው የእኛኑ ደጅ ጥናት ነው።

በ2000ዎቹ ነዳጅ ሲወደድ የደጁ መልክ ተለወጠ። ከ2002 ጀምሮ ኩባንያው በፔርም የማኅበራዊና የባህል ፕሮጀክቶች ውድድር ያወጣ ጀመር፤ የመንደር ሙዚየሙም፣ የእደ ጥበብ ማኅበሩም፣ የፌስቲቫል አዘጋጁም ማመልከቻ ይዞ ይሰለፋል። ሮጀርስ እዚህ ላይ አንድ ብልህ ነገር አስተውሏል። ኩባንያው ራሱን ሲያስተዋውቅ ነዳጅ ከምድር ጥልቀት እንደሚወጣ ሁሉ ባህልም ከታሪክ ጥልቀት ይወጣል የሚል አነጋገር ያዘወትራል፤ ቧንቧ የሚዘረጋው ጋዝፕሮም ደግሞ ሰውን ከሰው ማገናኘትን ይሰብካል። ምልከታው ያምራል። ግን ደራሲው ራሱ በውበቱ የተረታበት ቦታ አለ። ጣሪያው የሚያፈስ ሙዚየም ገንዘብ የሚጠይቀው ጣሪያው ስለሚያፈስ ነው፤ ስለ ጥልቀት የሚያወራው ሰጪው ማውራቱን ስለሚወድ ነው። ይህን ቀላል ነገር ረጋ ብሎ ቢያየው ኖሮ በኩባንያው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ይጠነክር ነበር። የሥነ ጥበብ ጋለሪ ባለቤቱ ማራት ጌልማን የፔርምን የድሮ የወንዝ መርከብ ጣቢያ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲያደርገው በከተማዋ ስለተነሣው ውዝግብ የጻፈው ግን ለብቻው ቢታተም የሚነበብ ነው።

ትልቁ ጉድለት መጽሐፉ ከፔርም አለመውጣቱ ነው። ሉክኦይል ግን ወጥቷል። በ1999 ቡልጋሪያ ቡርጋስ ያለውን ማጣሪያ ገዛ። ቀጥሎ ጌቲ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ሲገዛ 1,300 ገደማ ማደያዎች እጁ ገቡ፤ በሴፕቴምበር 2003 ፑቲን ራሱ ማንሃተን ወዳለ የሉክኦይል ማደያ ጎራ ብሎ ከሴናተር ቸክ ሹመር ጋር ዶናት ቀምሷል። ያንን ፎቶግራፍ ዛሬ የሚያይ ሰው ዓይኑን ይጠራጠራል። በኢራቅ ደግሞ ደጅ ጠኚው ኩባንያው ራሱ ነበር። በ1997 ከሳዳም መንግሥት ጋር በዌስት ቁርና 2 የነዳጅ መስክ ላይ የተፈራረመውን ውል ባግዳድ በ2002 ሰረዘችው። በ2009 እንደገና ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ክፍያው ግን ለአንድ በርሜል 1.15 ዶላር ነበር። በፔርም መንደሮች ሰጪ፣ በባግዳድ ጠያቂ፤ ይህ ሁለት መልክ ጎን ለጎን ቢቀመጥ መጽሐፉ ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር። ሮጀርስ የአንድ አውራጃ ጥናት ነው የጻፍኩት ሊል ይችላል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን የኩባንያው ማንነት አገር ውስጥ በሚሰጠው ብቻ አይታወቅም።

እንዲያም ሆኖ ስለ ነዳጅና ሥልጣን ካነበብኳቸው ውስጥ ለሰው ሕይወት ይህን ያህል የቀረበ ጥቂት ነው። ቋንቋው አልፎ አልፎ የመምህራን ነው፤ ታግሶ የሚያነብ ግን ይካሳል። ከኅትመቱ አሥር ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 22፣ 2025፣ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሉክኦይልን ከሌላው የሩሲያ ነዳጅ ኩባንያ ከሮስኔፍት ጋር በማዕቀብ መዝገቡ አሰፈረ። ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው የውጭ ንብረቱን ለመሸጥ መወሰኑን አስታወቀ፤ ለመሸጥም የዋሽንግተን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለገበያ ከቀረበው ንብረት ውስጥ ፔርም የለችም።