የሰው ዐይን በካርቱን ዓለም፦ የሉኒ ቱንስ ድቅል ፊልሞችና የተመልካች አቀባበል

«ስፔስ ጃም» እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996 ለዕይታ በቅቶ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከሉኒ ቱንስ ካርቱኖች ፈጣሪዎች አንዱ የነበረው አንጋፋው ቸክ ጆንስ ግን ፊልሙን አልወደደውም። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ጆንስ ባረፈ በዓመቱ፣ ወዳጁና አድናቂው ጆ ዳንቴ «ሉኒ ቱንስ፦ ባክ ኢን አክሽን»ን አቀረበ። የነባሮቹን ካርቱኖች ጠባይ በመጠበቅ ረገድ ይህኛው እጅግ የተሻለ ነበር። ሆኖም 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት ፊልም በመላው ዓለም ያስገባው ከ70 ሚሊዮን በታች ነው። ለምንጩ ያልታመነው ሕዝብ አገኘ፤ የታመነው አጣ።

ይህን ተቃርኖ በገበያ ብቻ ማስረዳት ያጓጓል። የ«ስፔስ ጃም» መሪ ተዋናይ ማይክል ጆርዳን በጊዜው በዓለም ዙሪያ ስሙ የናኘ ስፖርተኛ ነበር። የፊልሙ ሐሳብም የተጸነሰው እሱና የሉኒ ቱንሱ ጥንቸል ባግስ በኒ አብረው ከታዩበት የ1992 የናይኪ ማስታወቂያ ነው። የሙዚቃ አልበሙ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል። ይህ ሁሉ ሕዝቡ ለምን ትኬት እንደቆረጠ ይነግረናል፤ የዚያን ጊዜ ልጆች ካደጉም በኋላ ለፊልሙ ለምን ጥብቅና እንደሚቆሙ ግን አይነግረንም። «ሐያስያንና ሕዝብ ስለማይግባቡ ነው» የሚለውም አያዋጣም፤ ሐያሲው ሮጀር ኢበርት ሁለቱንም ፊልሞች ወዷቸዋል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ሰውና ካርቱን በሚቀላቀሉበት ፊልም ውስጥ የተመልካቹ ወኪል ሰውየው ነው። ተመልካች ፊልሙን የሚቀበለው ወይም የሚገፋው፣ ያ ሰው በካርቱኑ ፊት ምን እንደሚያጣና ምን እንደሚያገኝ አይቶ ነው።

የሰባት ደቂቃ ጥበብ

ባግስ በኒ ዛሬ በምናውቀው ጠባዩ የተገለጠው በቴክስ ኤቨሪ «ኤ ዋይልድ ሄር» (1940) ነው። የዋርነር ብራዘርስ አጫጭር ካርቱኖች የተሠሩት ለሲኒማ ቤት ነበር፤ ከዋናው ፊልም በፊት፣ አዋቂና ሕፃን ለተቀላቀለበት ታዳሚ ይታያሉ። አብዛኞቹ ከሰባት ደቂቃ ብዙም አይዘሉም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ባግስ የሚጎድለው ነገር የለም። አዳኙ ይመጣል፣ ባግስ ካሮቱን ያኝካል፣ አዳኙ በገዛ ጠመንጃው ይዋረዳል። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች አሠራርም ይኸው ነው። አለቃ ባላጋራቸውን በአንዲት ቃል አፉን አስይዘው ይሄዳሉ፤ ሰሚው ይስቃል እንጂ «ለመሆኑ አለቃ ምን ተሰማቸው?» ብሎ አይጠይቅም። ያንኑ ቀልድ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚዘረጋ ተራኪ ግን የአለቃን ብቸኝነት፣ የሚስታቸውን የማዘንጊያን ትዝብት መፍጠር ግድ ይሆንበታል። ያኔ አለቃ የምናውቃቸው አለቃ አይሆኑም።

የድቅል ፊልም ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ረጅም ታሪክ የሚጎድለው ነገር ያለው፣ የሚለወጥ ሰው ይፈልጋል። ባግስ አይጎድለውም፣ አይለወጥምም። ስለዚህ የጉድለቱን ሸክም የሚሸከም ሌላ አካል ያስፈልጋል፤ እሱም ከካርቱኑ ጎን የሚቆመው ተዋናይ ነው።

የቫሊያንት ሐዘን

በ1988 የወጣው የሮበርት ዘሜኪስ «ሁ ፍሬምድ ሮጀር ራቢት» ይህን ከሁሉም በላይ ተረድቷል። ታሪኩ የሚካሄደው በ1947 በሎስ አንጀለስ ሲሆን ቦብ ሆስኪንስ የሚጫወተው መርማሪ ኤዲ ቫሊያንት ካርቱኖችን ይጠላል፤ ወንድሙን ፒያኖ ጥሎ የገደለው ካርቱን ነውና። በካርቱን ዓለም ፒያኖ ራስ ላይ መውደቁ የተለመደ ሳቅ ነው። የተመታው ጥርሱ ወደ ፒያኖ ቁልፍ ተለውጦ ይነሣል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ፊልሙ ያንን ቀልድ ወደ ሰው ዓለም አሻገረና ሬሳ አስታቀፈን። ከዚያ በኋላ ቫሊያንት የካርቱን ጥንቸሉን ሮጀርን ባየ ቁጥር ተመልካቹ ሁለት ነገር ባንድ ላይ ያያል፤ የሚያስቅ ፍጡርና መሳቅ የተሳነው ሰው። መጨረሻ ላይ ቫሊያንት እየዘፈነና እየተገለባበጠ ጠላቶቹን በሳቅ ሲፈጃቸው፣ አዳራሹ የሚደሰተው በቀልዱ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ከሐዘኑ በመውጣቱም ጭምር ነው።

የቴክኒኩ ብልጫም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። በሪቻርድ ዊልያምስ የሚመሩት አኒሜተሮች ገጸ ባሕርያቱን በእጅ ሣሉ። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ጥላና ብርሃን በተደራራቢ ንብርብር ታከለ። እውነተኛ ዕቃዎች በማሽን እየተንቀሳቀሱ ካርቱኖቹ ያነሷቸው እንዲመስሉ ተደረገ። ያም ሆኖ ጥንቸሉን ያሳመነን ከሁሉ በላይ የሆስኪንስ ዐይን ነው። ምንም በሌለበት ባዶ አየር ላይ፣ በትክክለኛው ከፍታ፣ ንዴቱን ሳይለቅ ያፈጣል። እሱ ካመነ እኛ የማናምንበት ምክንያት የለም። ፊልሙ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ለዊልያምስ የተሰጠውን ልዩ ሽልማት ጨምሮ አራት ኦስካር አገኘ።

የተዘረጋው ክንድ

በዚህ መለኪያ «ስፔስ ጃም» ሲታይ ጉድለቱም ስኬቱም ይገለጣል። ነባሮቹን ካርቱኖች ለሚያውቅ ሰው ቅሬታው ትክክል ነው። ባግስ ባላጋራዎቹን ለመርታት የማንንም እርዳታ ለምኖ አያውቅም። እዚህ ግን ከጠፈር የመጡ ደቃቃ ፍጡራንን በቅርጫት ኳስ እረታለሁ ብሎ ያቀደው ተንኮል ይከሽፍበትና ሰው ፍለጋ ይወጣል። ጥንታዊው ባግስ ብልጭ የሚለው ተራ ውኃ «የማይክል ምስጢራዊ ኃይል ሰጪ» ብሎ ለቡድን ጓደኞቹ በሚያጠጣበት ትዕይንት ነው፤ እዚያም የተታለሉት ጠላቶቹ ሳይሆኑ ወዳጆቹ ናቸው።

ጆርዳን ግን የሚጎድለው ነገር አለ። በ1993 ቅርጫት ኳስን ትቶ ወደ ቤዝቦል እንደሄደና በዚያም እንዳልቀናው ታዳሚው ያውቃል። ፊልሙ ይህን የአደባባይ ታሪክ የሴራው መሠረት አድርጎታል። ጆርዳን አረንጓዴ መጋረጃ በተዘረጋበት ስቱዲዮ፣ አረንጓዴ ልብስ ከለበሱ ሰዎች ጋር ሲተውን የተዋናይ ችሎታ አላሳየም፤ ፊቱ ብዙም አይለዋወጥም። ያ እርጋታው ግን በእብዶች መካከል የተቀመጠ ጨዋ አስመሰለውና ጠቀመው። በመጨረሻዋ ሰከንድ ክንዱ እንደ ጎማ ተለጥጦ ኳሷን ቅርጫት ውስጥ ሲያኖር፣ ሰው የካርቱንን ሕግ ወረሰ። በ1996 አዳራሹ ውስጥ የነበረ ልጅ ይዞ የወጣው ይህን ነው። የባግስ ጠባይ መዛባቱ አላስጨነቀውም፤ ወኪሉ ወደዚያ ዓለም ገብቷልና።

ሁሉን የሚያውቅ ፊልም

«ባክ ኢን አክሽን» ውስጥ በዚህ ዘውግ ከተሠሩት እጅግ የሚያስደስቱ ትዕይንቶች አንዱ አለ። በኤሪክ ጎልድበርግ የአኒሜሽን አመራር፣ አዳኙ ኤልመር ፈድ ባግስንና ዳክዬውን ዳፊን በሉቭር ሙዚየም ሥዕሎች ውስጥ ሲያሳድድ ሦስቱም የገቡበትን ሥዕል አሣሣል ይለብሳሉ፤ በዳሊ ይቀልጣሉ፣ በሙንክ ይጮኻሉ። ከሱራ ሥዕል ሲወጣ ኤልመር የነጠብጣብ ክምር ሆኖ ይቀርና ባግስ በአየር ማራገቢያ ይበትነዋል። ሥዕሎቹ በእውኑ ሉቭር ውስጥ አለመኖራቸው ቀልዱን ያደምቀዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ነገር ግን ይህን የሚያይልን ሰው ማነው? ብሬንዳን ፍሬዘር የሚጫወተው የጥበቃ ሠራተኛ ዲጄ የታፈነ አባቱን ይፈልጋል፤ ጄና ኤልፍማን የምትጫወታት የስቱዲዮ ኃላፊ ሥራዋን ማዳን ትፈልጋለች። ዳፊን ከታሪኩ ብናወጣው የአባት ፍለጋው ብዙም ሳይጎድል ይቀጥላል። ሁለቱም ከካርቱን ጋር መኖርን ለምደውታል፤ አይደነቁም፣ አይቆስሉም። ፊልሙ በዚህ ቦታ የተካው ዕውቀትን ነው። በ1956 በተሠራ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም መሪ ተዋናይ የነበረው ኬቨን ማካርቲ በጥቁርና ነጭ ቀለም ያልፋል። ነገሩ የገባው ይስቃል፤ ያልገባው እንግዳ ነገር የተሸከመ ሽማግሌ ያያል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነባሮቹ ካርቱኖችም በሆሊውድ ላይ ያሾፉ አልነበረምን? «ስሊክ ሄር» (1947) ላይ ሃምፍሪ ቦጋርት ቀርቦ የጥንቸል ጥብስ ያዝዛል። እውነት ነው። ልዩነቱ የ1947ቱ ታዳሚ ቦጋርትን በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰሞን ያየ መሆኑ ነው። የካርቱኑ ቀልድ የጋራ ትዝታን ይጠቅስ ነበር፤ የዳንቴ ፊልም የጥቂቶችን ትዝታ ጠቀሰ። ፊልሙ በጎልድበርግ ሥዕል ለነባሮቹ ሲታመን ከአዳራሹ ጋር በነበራቸው ዝምድና ግን አልታመነም።

ነባር የሚያደርገው ማነው?

«ስፔስ ጃም፦ ኤ ኒው ሌጋሲ» በ2021 ሲመጣ ካከራከሩት ነገሮች አንዱ የሎላ በኒ አዲስ መልክ ነበር። ዳይሬክተሩ ማልኮም ዲ. ሊ የቀድሞው አሣሣሏ ወሲባዊነት በዝቶበታል ሲል፣ ብዙ ተመልካቾች የልጅነታቸው ቅርስ እንደተነካ ቆጠሩት። ሎላ ግን በነባሮቹ ካርቱኖች ውስጥ አልነበረችም፤ የተፈጠረችው ለ1996ቱ ፊልም ነው። ጆንስ ያልወደደው ፊልም በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ ራሱ ጥበቃ የሚሻ ቅርስ ሆነ። «ነባር» የሚለው ማዕረግ በሥራው ዕድሜ ብቻ አይገኝም፤ ተመልካቹ ከሥራው ጋር ባሳለፈው ዕድሜ ይጸናል።

የ«ካዮቲ ቨርሰስ አክሚ» ዕጣ ይህን ያጠናክራል። ዋርነር ብራዘርስ ሠርቶ የጨረሰውን ይህን ድቅል ፊልም እንደማያወጣው በኖቬምበር 2023 ሲታወቅ፣ የፊልም ሠሪዎችና የተመልካቾች ቁጣ ተነሣ። በ2025 ኬቸም ኢንተርቴይንመንት ፊልሙን ከስቱዲዮው ገዛው። ከተቆጡት አብዛኞቹ ፊልሙን አላዩትም ነበር። የሚያውቁት፣ ዕድሜ ልኩን በአክሚ ብልሹ ዕቃ ሲጎዳ የኖረው ካዮቲ ጠበቃ ይዞ ኩባንያውን እንደሚከስ ነበር። አንድ ሰው ከካርቱኑ ጎን ቆሞ የሚሟገትበትን ታሪክ ሳያዩት በፊት የራሳቸው አደረጉት።

ስለዚህ ሐያሲ እንዲህ ያለውን ፊልም ሲመዝን «ለነባሩ ታምኗል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ሰውየው እዚያ ምን ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለብቻው የተመለሰላቸው ፊልሞች ዐዋቂዎችን ያስደስታሉ፤ አዳራሽ የሚሞላው ሁለተኛው ሲመለስ ነው። በዚህ ዳሰሳ ከታዩት ውስጥ ለሁለቱም መልስ ያለው የ1988ቱ ፊልም ነው፤ መልሱም በቫሊያንት ሐዘን ላይ ተመሥርቷል።