የተለካው ቤት፣ ያልተከተሉት ሰው፦ ከካትሪና ጎርፍ በኋላ የተካሄዱ የጤና ጥናቶች ሲገመገሙ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን የኒው ኦርሊንስ ከተማ ሲመታ የጎርፍ መከላከያ ግድቦቿ ተደረመሱ። ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተዋጠ። ውኃው በበርካታ ሰፈሮች ለሳምንታት ተኝቶ ሲጎድልም ፍሳሽና ነዳጅ የተቀላቀለበት ደለል ጥሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ የከተማ ጎርፍ በጤና ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት በርካታ ጥናቶች ተካሂደዋል። የጥናቶቹ ጠቀሜታ የሚካድ አይደለም። ሆኖም በአመዛኙ የለኩት ቤቱንና አየሩን ሲሆን፣ በጎርፉ ውስጥ ያለፈውን ሰው ግን ለዓመታት አልተከተሉትም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተደረገው የበሽታ ቅኝት ሊመሰገን ይገባዋል። በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ በቪብሪዮ ባክቴሪያ የተያዙ 22 ሕሙማን ተለይተው ሪፖርት የተደረጉ ሲሆን፣ ከእነዚህ 5ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ ቁስላቸው የተመረዘባቸው ነበሩ። የበሽታው የመፈልፈያ ጊዜ አጭር በመሆኑና መንስኤው በላቦራቶሪ ስለሚረጋገጥ፣ ቆጠራው ብቻውን ለሕክምና ባለሙያው የሚጠቅም መልስ ሰጥቷል። ችግሩ የሚጀምረው ይኸው የቆጠራ ዘዴ ቀስ ብለው ለሚመጡ ጉዳቶች ሲውል ነው።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል በኦክቶበር 2005 በናሙና የተመረጡ 112 ቤቶችን መርምሮ በ46 በመቶው የሚታይ ሻጋታ፣ በ17 በመቶው ደግሞ ከባድ ሻጋታ ማግኘቱን በጃንዋሪ 2006 አስታውቋል። አኃዙ የአደጋውን ስፋት በሚገባ ያሳያል። ይሁንና አንድ ቤት በሻጋታ መሸፈኑ፣ ባለቤቱ ስንት ሰዓት ደለል ሲዝቅ እንደዋለ፣ አፍንጫና አፉን ሸፍኖ እንደሆነ፣ ከዓመት በኋላም ሳሉ ለቆት እንደሆነ አይናገርም። በተጨማሪም ወደ ቤቱ ቀድሞ የሚመለሰው አቅምና ጤና ያለው ነው፤ አስም የጠናበት ሰው ርቆ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በተመላሾች ላይ ብቻ የሚደረግ ጥናት ጉዳቱን አሳንሶ የማሳየት ዕድል አለው። «የካትሪና ሳል» የሚለው ስያሜ በሕዝብ ዘንድ ከመለመዱ በፊት መቅደም የነበረበት፣ ከጎርፉ በፊት ምን ያህል ሰው ይስል እንደነበር ማወቅ ነው።

የተፈናቃዮች መጠለያ ጉዳይ ደግሞ የመዘግየትን ዋጋ ያሳያል። በጊዜያዊ ተጎታች ቤቶች የተጠለሉ ሰዎች ዓይናቸውንና ጉሮሯቸውን እንደሚያቃጥላቸው ከ2006 ጀምሮ አቤት ይሉ ነበር። ማዕከሉ 519 ተጎታች ቤቶችን የመረመረው ግን ከዲሴምበር 2007 እስከ ጃንዋሪ 2008 ባለው ጊዜ ነው። የተገኘው የፎርማልዴሃይድ መጠን በአማካይ በአንድ ቢሊዮን የአየር ክፍል 77 ክፍል ነበር። ፎርማልዴሃይድ በሙቀት ጊዜና ቤቱ አዲስ ሳለ በብዛት የሚተን በመሆኑ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በክረምት ብርድ የተለካው መጠን ነዋሪዎቹ ቀድሞ የተነፈሱትን ሊተካ አይችልም። የሕሙማኑ አቤቱታ ራሱ የመጀመሪያው መረጃ ነበር፤ የተሰማው ግን ዘግይቶ ነው።

ከሁሉም የተሻለ መነሻ መረጃ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ከአደጋው በፊት ስለ ኮሌጅ ትምህርት ይጠኑ ከነበሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ወላጆች መካከል 392ቱን ተመራማሪዎች ከጎርፉ በኋላ ተከታትለው ውጤቱን በ2010 አሳትመዋል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ሊኖርባቸው የሚችል ሰዎች ቁጥር በእጥፍ ማደጉን፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉትም ከአደጋ በኋላ የሚከሰት የሥነ ልቡና ጭንቀት ምልክቶች እንደታዩባቸው ማወቅ የተቻለው የቀድሞ ሁኔታቸው ተመዝግቦ ስለነበር ነው። ስለ ተነፈሱት አየር ግን ይህን የመሰለ መነሻ አልነበረም።

በአደጋ ጊዜ ነፍስ ማዳን ይቀድማል፣ ጥናት ቅንጦት ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ነፍስ ማዳን መቅደሙ እውነት ነው። ነገር ግን የተረፉትን መመዝገብ የሕክምና ክትትል አካል ነው። ከ2001 የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ጥቃት በኋላ የተቋቋመው የጤና መዝገብ ከ71,000 በላይ ሰዎችን አቅፎ ለዓመታት መከታተል ችሏል። የኒው ኦርሊንስ ድኾች የዚህን ያህል ስፋት ያለው መዝገብ አላገኙም።

ትምህርቱ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ሆኖ የሚከርመው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፣ በሺህ የሚቆጠሩትን አፈናቅሏል። በዚያው ዓመት በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በመጠለያ የሚታየው ተቅማጥ ከጎርፉ ይሁን ከወረርሽኙ ለመለየት የቀደመውን ወር ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያሻም። የጤና ጣቢያው የተመላላሽ ሕሙማን መዝገብ ከውኃ በማይደርስበት ከፍታ ቢቀመጥ፣ ወደ መጠለያ በሚገባ ሰው ካርድ ላይም ሰፈሩ፣ ውኃው የደረሰበት ከፍታ፣ በውኃው ውስጥ የቆየበት ሰዓት፣ የጠጣው ውኃ ምንጭና ኋላ የሚገኝበት አድራሻ ቢሰፍር፣ የነገው ጥናት ዛሬ ተጀመረ ማለት ነው። ካርዱን የሚሞላው ደግሞ ሌሊቱን ቁስል ሲያጥብ ያደረው ጤና ባለሙያ ነውና፣ ቅጹ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል።